ከዝማኔ በኋላ የዘገየው ፕሮሰሰር፦ ከፋብሪካ የወጣ ቺፕ እንዴት ይታረማል? ኪቦርዱስ ምን አገባው?

የሒሳብ ክፍል ጎረቤት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ አነስተኛ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ጥገና ሥራ እሠራለሁ። የሒሳብ ክፍሉ ዳታቤዝ የተቀመጠበት ማሽን ከዱባይ ያገለገለ ሆኖ የመጣ፣ ሦስተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ ፕሮሰሰር ያለው ዴስክቶፕ ነው። ለዓመታት አንድም ዝማኔ ሳይደረግለት ስለቆየ ባለፈው ወር ሊኑክሱን ሙሉ በሙሉ አሻሽዬ አስነሣሁት። በማግሥቱ የሒሳብ ሠራተኛዋ የወሩን ማጠቃለያ ስታወጣ፣ ቀድሞ ቡናዋ ተቀድቶ ሳይመጣ ያልቅ የነበረው ሥራ ጠጥታ እስክትጨርስ እንደፈጀባት ነገረችኝ።

ማሽኑን የሸጠልን ሰው «ፕሮሰሰሩ አርጅቷል፣ ሌላ ግዙ» ብሎ አሰናበተኝ። እኔ ግን የማሽኑን የማስነሻ መዝገብ ሳገላብጥ ቀድሞ ያልነበሩ፣ «ሜልትዳውን» እና «ስፔክተር» ስለተባሉ ሁለት የፕሮሰሰር የጸጥታ ቀዳዳዎች የሚናገሩ መስመሮች አገኘሁ። ስለ ሁለቱ ጥቂት አንብቤ የባሰ ግራ ገባኝ። በሲሊከን ላይ የተቀረጸ ነገር ከተሸጠ በኋላ እንዴት ሊታረም ይችላል? ጸጥታን ማጥበቅስ ለምን ፍጥነት ያስከፍላል? አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ በዚህ ስሕተት ምክንያት አንድ ድረ ገጽ በኪቦርድ የምንጽፈውን የይለፍ ቃል ሊያነብ ይችላል ብሎ አስፈራርቶኛል። እውነት ነው ወይስ ተጋኗል? መከላከያውን የማጥፋት መንገድ እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ባጠፋው ጥፋተኛ እሆናለሁ?

ከርነል አንባቢ

ወንድሜ፣ ሲሊከን በዚህ መንገድ አያረጅም። የተለወጠው ፕሮሰሰርዎ ሳይሆን ከርነሉ፣ ማለትም የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር የገባው ውል ነው። ለማስረዳት ፕሮሰሰሮች መገመት ከጀመሩበት ምክንያት መነሣት ይኖርብኛልና ትንሽ ይታገሡኝ።

በ3 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ፕሮሰሰር በአንድ ናኖሰከንድ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይመታል። ካሽ ከተባለው፣ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ካለው ትንሽና ፈጣን ሜሞሪ፣ አንድ ቁጥር ለማምጣት አራት ወይም አምስት ምት ይበቃዋል፤ ቁጥሩ ካሽ ውስጥ ከሌለና ራም ድረስ መሄድ ካለበት ግን ሁለት መቶ ምት ያህል ይጠብቃል። ያን ሁሉ ጊዜ ሥራ ፈቶ መቀመጥ የመሐንዲሶችን ዓይን ሲያቀላ የኖረ ጉዳይ ነው። ሮበርት ቶማሱሎ የተባለ የአይቢኤም መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው ዘዴ፣ የሚያስፈልጋቸው ቁጥር የደረሰላቸው ትእዛዞች ያልደረሰላቸውን ቀድመው እንዲያልፉ አደረገ። ጄምስ ስሚዝ ደግሞ በ1981 ፕሮሰሰሩ መንታ መንገድ ላይ ሲደርስ የትኛው እንደሚመረጥ ካለፈው ልማድ ተነሥቶ የሚገምትባቸውን ስልቶች አወዳድሮ አሳየ። ከእነርሱ አንዱ ከ0 እስከ 3 የሚቆጥር በጣም ቀላል ቆጣሪ ነው፤ ግምቱ በጽኑ የያዘውን ልማድ የሚለውጠው አንድ ጊዜ ሲሳሳት ሳይሆን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ሲሳሳት ነው። የቀድሞ ወዳጅ አንድ ቀን ስለዋሸን ብቻ ወዳጅነቱ እንደማይፈርስ ማለት ነው። እነዚህ ሁለት ሐሳቦች በ1995 በወጣው ፔንቲየም ፕሮ ውስጥ ተጣምረው ወደ ቢሮ ኮምፒውተር ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ የምንገዛው ፈጣን ፕሮሰሰር ሁሉ ማለት ይቻላል ገማች ነው። ግምቱ ትክክል ከሆነ ጊዜ ተረፈ፤ ስሕተት ከሆነ የተሠራው ሥራ ተሰርዞ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ጣጣው ያለው «እንዳልነበረ» በምትለው ቃል ላይ ነው። አንድ ትጉህ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አለ እንበል። ባለጉዳይ መጥቶ «ያንን የተከለከለ ፋይል ግለጥ፤ ውስጡ ያለው ቁጥር 7 ከሆነ 7ኛውን መዝገብ፣ 8 ከሆነ 8ኛውን መዝገብ አምጣልኝ» ይለዋል። ሠራተኛው እንደ ደንቡ ኃላፊውን ያስጠይቃል፤ ነገር ግን መልሱ እስኪመጣ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ስለማይሆንለት የተከለከለውን ፋይል ገልጦ ያያል፣ 7 የሚል ስላገኘም 7ኛውን መዝገብ ከኋላ ካለው መጋዘን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያኖራል። በዚህ መሐል ኃላፊው «አይፈቀድለትም» ይላል። ሠራተኛው ታማኝ ስለሆነ ለባለጉዳዩ አንዲት ቃል አይተነፍስለትም፤ ነገር ግን መዝገቡን ወደ መጋዘን አልመለሰውም። አሁን ባለጉዳዩ በቅን ሰው ደንብ፣ ለማየት የተፈቀዱለትን መዝገቦች ከ0 ጀምሮ አንድ በአንድ ይጠይቃል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አሥር ደቂቃ ሲፈጁ 7ኛው ወዲያው ከች ይላል።

ሜልትዳውን ይኸው ነው። ጠረጴዛው ካሽ፣ መጋዘኑ ራም፣ ኃላፊው ደግሞ አንድ ፕሮግራም የከርነሉን ሜሞሪ እንዳያይ የሚከለክለው ፍተሻ ነው። በእውነተኛው ጥቃት መዝገቦቹ 256 ናቸው፤ አንድ ባይት ከ0 እስከ 255 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ስለሚይዝ ነው። በመካከላቸውም 4096 ባይት እንዲራራቁ ይደረጋል፤ ያለዚያ ፕሮሰሰሩ አንዱን ሲያመጣ ጎረቤቱንም ደርቦ እያመጣ መልሱን ያምታታል። «የትኛው ፈጥኖ መጣ» ብሎ የመለካቱን ዘዴ ዩቫል ያሮም እና ካትሪና ፎክነር በ2014 አሳትመውት ስለነበር፣ ጥቃቱ በተገኘ ጊዜ መለኪያው ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር ማለት ይቻላል።

ስፔክተር የሚለየው ሠራተኛው የኃላፊውን ክልከላ ባለመጠበቁ ሳይሆን በልማዱ የሚታለል በመሆኑ ነው። መቶ ጊዜ ትክክለኛ ጥያቄ ይቀርብለታል፤ መቶ አንደኛውን ደግሞ «እንደ ወትሮው ትክክል ነው» ብሎ ገምቶ ከድንበር ውጭ ያለውን ያነባል። ስለዚህ ሜልትዳውን በዋናነት የኢንቴል ችግር ሲሆንና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ሲያመልጡት፣ ስፔክተር ግን የሚገምተውን ሁሉ ነካ። በተቃራኒው፣ ኮርቴክስ ኤ53ን የመሰሉ ትእዛዝን በተራው ብቻ የሚያስኬዱ ቀለል ያሉ ኮሮች ብቻ የተገጠሙላቸው ርካሽ ስልኮች ሁለቱንም አልፈዋቸዋል፤ ድሃ መሆን አንዳንዴ ይጠቅማል።

ወደ ፍጥነቱ ልመለስ። ከ2018 በፊት የከርነሉ ሜሞሪ በእያንዳንዱ ፕሮግራም የአድራሻ ሠንጠረዥ ውስጥ አብሮ ይቀመጥ ነበር፤ ፕሮግራሙ እንዳያየው የሚጠብቀው የፈቃድ ምልክት ብቻ ነበር። ያ ምልክት በግምት ጊዜ እንደማይጠብቅ ሲታወቅ የቀረው ምርጫ የከርነሉን አድራሻዎች ከሠንጠረዡ ማውጣት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ ከርነሉን አንድ ነገር በጠየቀ ቁጥር፣ ፋይል አንብብልኝም ይሁን ይህን ወደ ኔትወርክ ላክልኝ ቢል፣ ሠንጠረዡ ይቀየራል፤ ሲመለስ እንደገና ይቀየራል። ሠንጠረዥ ሲቀየር ፕሮሰሰሩ አድራሻዎችን በአጭሩ የሚይዝበት የኪስ ማስታወሻው ይሰረዝና እንደ አዲስ ይሞላል። ይህን ወጪ የሚቀንሱ ሁለት ረዳት ችሎታዎች አሉ፤ ሁለተኛው የመጣው ግን በ2013 ከወጣው አራተኛ ትውልድ ጀምሮ ስለሆነ የእርስዎ ማሽን ሙሉ ጥቅሙን አያገኝም። ቁጥር ብቻ የሚደምርና የሚያባዛ ፕሮግራም ልዩነቱ አይታወቀውም። ዳታቤዝ ግን ሥራው ሁሉ የከርነሉን በር ማንኳኳት ስለሆነ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው እርሱ ነው።

የሚገርመው፣ ይህን የመለያየት ዘዴ የኦስትሪያው ግራዝ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ያሳተሙት ለሌላ ቀለል ያለ ችግር ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቶ ሜልትዳውን ይፋ ሲሆን መድኃኒቱ አስቀድሞ መደርደሪያ ላይ ነበር።

አሮጌ ማዘርቦርድ

ከላይ የተሰጠው መልስ የተሟላ ነው፤ እኔ «የተሸጠ ቺፕ እንዴት ይታረማል» በሚለው ላይ ብቻ ልጨምር፤ የምወደው ታሪክ ስለሆነ ነው።

በ1994 ቶማስ ናይስሊ የተባሉ አሜሪካዊ የሒሳብ ፕሮፌሰር ስለ ተጣማሪ ዋና ቁጥሮች ሲሠሩ፣ የፔንቲየም ፕሮሰሰር አንዳንድ ክፍፍሎችን አዛብቶ እንደሚሠራ ደረሱበት። ብዙ ሰው በኋላ በየቤቱ የሞከረው ምሳሌ 4195835ን ለ3145727 ማካፈል ነበር፤ ትክክለኛው መልስ 1.33382 ሲሆን ቺፑ 1.33374 ይል ነበር። ምክንያቱ በማካፈያው ክፍል ውስጥ ካለው ሠንጠረዥ አምስት ቁጥሮች መዘለላቸው ነበር። ስሕተቱ በሲሊከኑ ላይ የተቀረጸ በመሆኑ ቺፑን ራሱን ማረም አይቻልም ነበር፤ አውጥቶ በሌላ መተካት ነበር እንጂ፤ ኢንቴልም ለዚህ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዘገበ።

በቀጣዩ ዓመት የወጣው ፔንቲየም ፕሮ ማይክሮኮዱ ከውጭ እንዲታረም የሚያስችል በር ይዞ መጣ። ማይክሮኮድ ማለት ውስብስብ ትእዛዞችን ወደ ትናንሽ እርምጃዎች የሚከፋፍል፣ በፕሮሰሰሩ ሆድ ውስጥ የሚኖር ፕሮግራም ነው። ከእርሱ አጠገብ እርማት የሚጻፍባት አነስተኛ ሜሞሪ ተቀመጠች። አምራቹ ማረጋገጫውን ያተመበት ካልሆነ ቺፑ እርማቱን አይቀበልም። ይህች ሜሞሪ መብራት ሲጠፋ ባዶ ስለምትሆን፣ እርማቱ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር በባዮሱ (ማዘርቦርዱ ላይ ባለው የማስነሻ ፕሮግራም) ወይም በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እንደ አዲስ ይጫናል። ስለዚህ ጠያቂው እንዳሰቡት ሲሊከኑ ራሱ አልተለወጠም፤ በየቀኑ ጠዋት ማስታወሻ ይነበብለታል እንጂ።

አንድ ጉዳይ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ማይክሮኮድን በ1951 ያቀረቡት የካምብሪጁ ሞሪስ ዊልክስ ናቸው። ዛሬ ካሽ የምንለውንም ሐሳብ በ1965 በአጭር ጽሑፍ የገለጹት እኚሁ ሰው ናቸው። ምሥጢሩ የሚያፈስበት ቀዳዳም፣ መወተፊያው ጨርቅም ሥራቸው ሆኖ ተገኘ።

ይሁን እንጂ ማይክሮኮድ ሁሉን አይፈውስም። ከሜሞሪ ማንበብን የመሰሉ ቀላል ትእዛዞች በፍጥነት ምክንያት በማይክሮኮድ በኩል አያልፉም፤ በቀጥታ በሽቦ የተሠሩ ናቸው። ለዚህ ነው የሜልትዳውን መከላከያ ከርነሉ ላይ የወደቀው። ለሁለተኛው የስፔክተር ዓይነት ግን ማይክሮኮዱ ቀድሞ ያልነበሩ መቆጣጠሪያዎችን ጨመረ፤ ለምሳሌ ከርነሉ ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ሲሻገር «የተማርከውን ልማድ እርሳው» ብሎ ፕሮሰሰሩን ማዘዝ ይችላል። ችኮላውም ዋጋ አስከፍሏል። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 2018 ይፋ ሆነ፤ የመጀመሪያው እርማት ግን አንዳንድ ማሽኖችን በራሳቸው ጊዜ እያጠፋ ስላስነሣ ኢንቴል በዚያው ወር 22ኛው ቀን ላይ እርማቱን መጫን አቁሙ አለ።

ጠያቂው፣ ባዮስ ለመቀየር እንዳይቸኩሉ አደራ። በእርስዎ ዕድሜ ላይ ላለ ማዘርቦርድ አምራቹ አዲስ ባዮስ ባያወጣም ሊኑክሱ በሚነሣበት ጊዜ ማይክሮኮዱን ራሱ ይጭነዋል። ባዮስ በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ሬሳ ነው፤ ሁለት ቀብሬያለሁ።

ሁለት ጣት ጸሐፊ

ስለ ኪቦርዱ የተጠየቀው ሳይመለስ እንዳይቀር እኔ ልሞክር።

«ድረ ገጽ የይለፍ ቃሌን ያነባል» የሚለው ነገር መሠረት የሌለው አይደለም፤ ነገር ግን ባልደረባዎ በነገሩዎት መልክ አይደለም። ስፔክተርን ያገኙት ተመራማሪዎች በብራውዘር ውስጥ በሚሄድ ጃቫስክሪፕት የብራውዘሩን የራሱን ሜሞሪ ማንበብ እንደሚቻል አሳይተዋል። ጥቃቱ ሙሉ በሙሉ የተመሠረተው ጊዜን በረቂቅ በመለካት ላይ ስለሆነ ብራውዘሮቹ መጀመሪያ ያደረጉት ሰዓታቸውን ማደንዘዝ ነበር፤ ፋየርፎክስ ለድረ ገጾች የሚሰጠውን የሰዓት ንባብ ወደ 20 ማይክሮሰከንድ አወፈረው። ክሮም ደግሞ በ2018 እያንዳንዱን ድረ ገጽ ለየብቻው በተለየ ፕሮሰስ ማስኬድ ጀመረ። የዘመነ ብራውዘር ለሚጠቀም ሰው ይህ በር ጠብቧል።

ለእኔ የበለጠ የሚደንቀኝ ግን የተጻፈው ሳይነበብ የተጻፈበት ጊዜ ብቻ ብዙ መናገሩ ነው። ኪቦርድ ፈትቶ ለሚያውቅ፣ ውስጡ መቶ ያህል ቁልፍ ቢኖርም መቶ ሽቦ የለም። ቁልፎቹ በረድፍና በዓምድ መገናኛ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዲት ትንሽ ቺፕ ረድፎቹን በየተራ እየነካች የትኛው ዓምድ እንደመለሰላት ታያለች። ጣት ቁልፍን ሲጫን ብረቱ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ይነጥራል። ቺፗ ንጥረቱ እስኪሰክን ትታገሣለች፤ ያለዚያ አንዱ «ሀ» አራት ሆኖ ይጻፋል። ጎማቸው ባረጀ ኪቦርዶች ላይ ይህን ሁላችንም አይተነዋል። ከዚያ በመደበኛው የዩኤስቢ አሠራር ስምንት ባይት የያዘች መልእክት ወደ ኮምፒውተሩ ትሄዳለች፦ አንዱ ባይት ለሺፍትና ለኮንትሮል ዓይነቶቹ፣ አንዱ ባዶ፣ ስድስቱ ለተጫኑት ቁልፎች። የሚላከው ፊደል ሳይሆን የቁልፉ ቦታ ነው። የላቲኑ «ኤች» ያለበት ቁልፍ 11 ብቻ ይልካል፤ ያንን ቁጥር «ህ» የሚያደርገው በኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሶፍትዌር ነው።

እንግዲህ እያንዳንዷ መልእክት ስትደርስ ፕሮሰሰሩ የያዘውን ሥራ ያቋርጣል፣ የኪቦርዱን ኮድ ያስኬዳል፣ ያም ኮድ ካሹ ውስጥ ይገባል። የግራዝ ተመራማሪዎች ሜልትዳውን ይፋ ከመሆኑ ከሦስት ዓመት ያህል በፊት፣ በ2015፣ በሊኑክስ ላይ ያለ ተራ ፕሮግራም የጋራውን ካሽ በመከታተል ብቻ ቁልፍ የተጫነበትን ቅጽበት ማወቅ እንደሚችል አሳይተዋል። ቅጽበቱ ምን ይጠቅማል ለሚል፦ በ2001 የበርክሌይ ተመራማሪዎች ኤስኤስኤች በተባለው የተመሠጠረ ግንኙነት ላይ እያንዳንዱ ቁልፍ ለብቻው ስለሚላክ፣ በሁለት ቁልፎች መካከል ካለው የጊዜ ርቀት ተነሥቶ የይለፍ ቃልን ፍለጋ በብዙ እጥፍ ማሳጠር እንደሚቻል አሳትመዋል። ሁለት እጆች የሚፈራረቁባቸው ቁልፎች በአንድ ጣት ከሚጫኑት ይፈጥናሉ። የዚህ ግንኙነት ሶፍትዌር የሆነው ኦፕን ኤስኤስኤች ለዚህ መልስ የሰጠው በ2023 ነው፤ አሁን ቁልፎቹን በየ20 ሚሊሰከንዱ እኩል እየቆረጠ ይልካል፣ ከመጨረሻው እውነተኛ ቁልፍ በኋላም ለጥቂት ጊዜ የውሸት ቁልፎችን ይጨምራል። ሃያ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው።

በአማርኛ ስንጽፍ ይህ መልኩን ይቀይራል። በድምፅ ላይ በተመሠረተው አጻጻፍ «ሰላም» ለማለት አምስት ቁልፍ እንጫናለን፦ ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ። ሳድሱ ብቻውን፣ ሌላው ከአናባቢው ጋር ጥንድ ሆኖ ስለሚመጣ፣ በጥንዱ መካከል ያለው ርቀት ከፊደል ወደ ፊደል ከሚደረገው ዝላይ የሚያጥር ይመስለኛል። ይህ የራሴ ጥርጣሬ ነው፤ የራሴን አጻጻፍ መዝግቤ ሳየው ግን ፊደሎቹ የት የት እንደሚያልቁ በዓይኔ መለየት ችያለሁ። በሁለት ጣት መጻፌ ሳይረዳኝ አልቀረም።

ብየዳና ሽቦ

ወንድሞቼ፣ የጻፋችሁት ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ጠያቂውን በማይመጣበት ጅብ እያስፈራራችሁ ደጁ ላይ የቆመውን ውሻ እንዳታስረሱት እሰጋለሁ። አንድ ሌባ የመሥሪያ ቤት የሒሳብ ማሽን ውስጥ ለመግባት ቢፈልግ ናኖሰከንድ ሲለካ አያድርም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የተበላሸ ኪቦርድ ልቀይር ተጠርቼ፣ ማሽኑን ከግድግዳው ስስበው በኪቦርዱ ሽቦና በኮምፒውተሩ መካከል የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ጥቁር መጋጠሚያ ተሰክታ አገኘሁ። ሠራተኞቹ «ከድሮም እዚያው ናት» አሉኝ። ከፍቼ ስመለከታት ሁለት ቺፕ ነበራት፤ አንዱ የሜሞሪ ቺፕ ነበር። ለስንት ጊዜ እዚያ እንደኖረች፣ ማን እንዳስገባት የነገረኝ የለም። እርሷን የትኛውም ማይክሮኮድ አያርማትም።

ችግሩ የተወለደው ከመግቢያ መሣሪያዎቹ አፈጣጠር ጋር ነው። ዳግላስ ኤንግልባርት እ.ኤ.አ. በ1968 ዲሴምበር 9 ቀን ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ማውስን ለሕዝብ ሲያሳዩ፣ ከሳጥኗ ጫፍ በኩል የወጣውን ሽቦ ማን እንደያዘው መጠየቅ ለማንም አልታየውም፤ ሊታየውም አይገባም ነበር። ዩኤስቢም ሲመጣ ያንኑ መተማመን ወረሰ። የተሰካው ነገር «ኪቦርድ ነኝ» ካለ ኮምፒውተሩ ሌላ አይጠይቅም። በ2014 ካርስተን ኖል እና ያኮብ ሌል የአንድን ተራ ፍላሽ የውስጥ ሶፍትዌር ለውጠው ራሱን ኪቦርድ ነኝ እንዲል፣ ከዚያም ከሰው በፈጠነ ፍጥነት ትእዛዝ እንዲጽፍ አድርገው አሳዩ። በ2016 ደግሞ ሽቦ አልባ የሆኑ በርካታ ማውሶችና ኪቦርዶች መቀበያቸው ካልተመሠጠረ ምንጭ የመጣ የቁልፍ ምት እንደሚቀበል ታወቀ፤ ማውስ የገዛ ሰው ሳያውቀው ለጎረቤት ኪቦርድ በር ከፍቶ ነበር ማለት ነው።

ሁለት ጣት ጸሐፊ ቁልፍ የሚልከው ቦታ እንጂ ፊደል አይደለም ያሉት እዚህ ላይ ያስቃል። እንዲህ ያለውን ፍላሽ ሠርቼ በራሴ ማሽን ላይ ስሞክረው አማርኛ ጽሕፈቱ እንደበራ ረስቼው ነበር። ፍላሹ ያዘጋጀሁለትን ትእዛዝ በሙሉ ፍጥነት ጻፈ፤ ማያው ላይ የወጣው ግን ትርጉም የሌለው የግዕዝ ፊደል ሰልፍ ነበርና አንዱም አልሠራ። በዚህ ግን ማንም አይተማመን፤ አጥቂው ቋንቋውን መቀየሪያ ቁልፍ ቀድሞ መጫን አያቅተውም።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፦ ከማሽኑ ጀርባ ምን እንደተሰካ በወር አንድ ጊዜ ይመልከቱ፣ የማይፈለጉትን የዩኤስቢ ቀዳዳዎች ይዝጉ፣ ሽቦ አልባውን ኪቦርድ ከሒሳብ ክፍሉ ያውጡ።

የሒሳብ ክፍል ጎረቤት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ከማሽኑ ጀርባ ተንበርክኬ አየሁ፤ አቧራና አንድ የጠፋ እስክሪብቶ ብቻ ነው ያገኘሁት። ማይክሮኮዱም በሊኑክሱ በኩል እንደተጫነ በማስነሻ መዝገቡ ላይ አረጋገጥሁ፤ ባዮሱን አልነካሁትም።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ከርነሉ ሲነሣ «ሚቲጌሽንስ ኦፍ» የሚል ቃል ብጨምርለት መከላከያዎቹ ሁሉ እንደሚጠፉ አነበብሁ። የሒሳብ ሠራተኛዋ በዚያው ማሽን ላይ ብራውዘር ከፍታ የባንክ ሥራም ትሠራለች። ላጥፋው?

ከርነል አንባቢ

ብራውዘር የሚከፈትበት ማሽን ላይ አያጥፉ። ብራውዘር ማለት የማያውቁት ሰው የጻፈውን ፕሮግራም በየደቂቃው ቤት የሚያስገባ ነገር ነው። ለብቻው የቆመ፣ የውጭ ኮድ የማይሮጥበት የስሌት ማሽን ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር።

ከማጥፋትዎ በፊት የማጠቃለያው ፕሮግራም የከርነሉን በር ስንት ጊዜ እንደሚያንኳኳ ይቁጠሩ። «ኤስትሬስ» የተባለው መሣሪያ ከነቁጥሩ ያሳይዎታል። ዋጋው የሚከፈለው በየመሻገሪያው ስለሆነ፣ መሻገሪያው ከቀነሰ ዋጋው ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ የማገኘው ጥፋት ፕሮግራሙ መዝገቦችን አንድ በአንድ ከዳታቤዙ መጠየቁ ነው።

የሒሳብ ክፍል ጎረቤት

እንዳሉት ሆኖ ተገኘ። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ደረሰኝ ለብቻው ጥያቄ ይልክ ነበር፤ ለአንድ ወር ማጠቃለያ የከርነሉ ጥሪ ከአራት መቶ ሺህ በላይ ሆኖ ቆጠርሁት። አንድ ሺህ ደረሰኝ በአንድ ጊዜ እንዲያመጣ ሁለት መስመር ቀየርሁ። መከላከያዎቹ ሁሉ እንደበሩ ነው፤ ማጠቃለያው ግን ከዝማኔው በፊት ከነበረውም ቀድሞ አለቀ። የሸጠልን ሰው አሁንም በየሳምንቱ እየደወለ አምስተኛ ትውልድ የሆነ እንዳስገባ ይነግረኛል።